«ክሬአቲኒንዎ ልክ ከሆነ ኩላሊትዎ ጤነኛ ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ኩላሊት ጤና የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ ብዙ ሰው ዘንድ ደርሷል። አጻጻፉ ቀላልና ለዛ ያለው ነው፤ ጸሐፊው ለአንባቢ ማሰባቸውም ያስታውቃል። ነገር ግን ምክራቸውን አምኖ የተከተለ የኩላሊት ሕመምተኛ ሊጎዳ ይችላል። ከምክሮቹ አንዱ ሁለቱ እንዲያውም በቀናት ውስጥ ለሞት ሊያበቁ የሚችሉ ናቸው። ዝም ብሎ ማለፍ ያስቸገረው ለዚህ ነው።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። አንደኛ፣ በደም ምርመራ የሚታየው ክሬአቲኒን ላቦራቶሪው ካስቀመጠው ወሰን ካላለፈ ኩላሊቱ ጤነኛ ነው፤ ሌላ ምርመራ ገንዘብ ማባከን ነው። ሁለተኛ፣ ወገቡን የማያመውና ሽንቱ እንደ ልብ የሚወርድለት ሰው የኩላሊት ችግር የለበትም። ሦስተኛ፣ በቀን ከ4 ሊትር ያላነሰ ውሃ መጠጣት ኩላሊትን ያጥባል፣ የደከመውንም ያነቃል። አራተኛ፣ ኩላሊትን ይጠብቃሉ ተብለው የሚታዘዙ የደም ግፊት መድኃኒቶች ክሬአቲኒንን ከፍ ስለሚያደርጉ ጎጂ ናቸው፤ ይህን ያየ ሰው በራሱ ማቆም አለበት። አምስተኛ፣ ዕፅዋትና ፍራፍሬ ተፈጥሯዊ ስለሆኑ የኩላሊት ሕመምተኛ ሳይፈራ ይውሰዳቸው፤ ጨውን በጨው ምትክ ይለውጥ፤ የደም ማነሱም በምግብ ይስተካከልለታል። ስድስተኛ፣ የኩላሊት እጥበት አንዴ ከገቡበት የማይወጡበት ወጥመድ ስለሆነ እስከ መጨረሻው መሸሽ ይሻላል።

ጽሑፉ ከሁሉ በላይ የተደገፈው በመጀመሪያው ነጥብ ላይ ነውና እዚያ ላይ ረዘም ብለን እንቆይ።

ክሬአቲኒን ከጡንቻ የሚወጣ ተረፈ ምርት ነው። ጡንቻ በየቀኑ ከሞላ ጎደል እኩል መጠን ያመነጫል፤ ኩላሊት እያጣራ በሽንት ያስወጣዋል። ስለዚህ በደም ውስጥ የሚገኘውን መጠን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ምን ያህል ተመረተ፣ ምን ያህልስ ተጣራ። ጽሑፉ የመጀመሪያውን ፈጽሞ ረስቶታል። የ25 ዓመት ወጣት ወንድና የ70 ዓመት እናት ተመርምረው የሁለቱም ክሬአቲኒን 1.1 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሆነ እንበል። በብዙ ላቦራቶሪዎች ወረቀት ላይ ይህ ቁጥር ከወሰን አያልፍም። በ2021 ተሻሽሎ በወጣውና ሲኬዲ-ኢፒአይ በሚባለው ቀመር ሲሰላ ግን የወጣቱ የማጣራት አቅም ወደ 95 ሚሊሊትር በደቂቃ ይመጣል፤ የእናትየዋ ግን 54 ነው። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ጤነኛ ነው፣ ሌላዋ ደግሞ ውጤቱ ከ3 ወር በኋላም ካልተለወጠ የቆየ የኩላሊት ሕመም አለባት ማለት ነው። ለእሷ «ልክ ነው» ተብሎ ወረቀቱ ቢታጠፍ የሚታዘዝላት የመድኃኒት መጠን ሁሉ ባልታወቀ ኩላሊት ላይ የሚሰላ ይሆናል።

ሌላም ነገር አለ። የማጣራት አቅም በግማሽ ሲወርድ ክሬአቲኒን በግምት እጥፍ ይሆናል። ቀድሞ 0.6 የነበረ ሰው ወደ 1.2 ቢወጣ ወረቀቱ አሁንም ምንም ምልክት ላያደርግበት ይችላል፤ ሰውየው ግን ግማሽ አቅሙን አጥቷል። ከ4 ወደ 5 የወጣ ሰው ደግሞ ዝላዩ ያስደነግጣል እንጂ የጠፋው ጥቂት ሚሊሊትር ብቻ ነው። በሽታው ገና ሲጀምር፣ ማለትም ሕክምናው በጣም በሚጠቅምበት ጊዜ፣ ክሬአቲኒን ዝም ይላል። ስለዚህ የዛሬውን ቁጥር ከላቦራቶሪው ወሰን ጋር ብቻ ሳይሆን ከራስ የቀድሞ ውጤት ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። የድሮ የምርመራ ወረቀቶች መጣል የሌለባቸውም ለዚሁ ነው።

ጸሐፊው «ቀመርም ይሳሳታል» ያሉት እውነት ነው፤ የት የት እንደሚሳሳት ግን ማወቅ ይቻላል። እግሩ የተቆረጠ፣ በሕመም የከሳ ወይም የጉበት ጠባሳ ያለበት ሰው ጡንቻው ስለሚያንስ ቀመሩ ኩላሊቱን ከእውነቱ የተሻለ አድርጎ ያሳየዋል። ጡንቻው የፈረጠመ ስፖርተኛ በተቃራኒው ሳይታመም የታመመ ይመስላል። ከምርመራው በፊት የተበላ ብዙ የበሰለ ሥጋ ቁጥሩን ለሰዓታት ከፍ ያደርጋል። ትራይሜቶፕሪምና ሲሜቲዲን የተባሉ መድኃኒቶች ደግሞ ማጣራቱን ሳይነኩ ክሬአቲኒን በኩላሊት ቱቦዎች በኩል እንዳይወጣ ያግዱታል። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሲኖር ሲስታቲን ሲ የተባለውን ፕሮቲን መለካት ይረዳል፤ እሱ በጡንቻ ብዛት ብዙ አይለዋወጥም። እሱንም ቢሆን የታይሮይድ መዛባት፣ የስቴሮይድ መድኃኒት፣ ውፍረትና ማጨስ ያዛቡታል። በአንዱ ቁጥር ድክመት ምክንያት ምርመራን መተው ግን አያስኬድም፤ ሁለተኛ መለኪያ መጨመር ነው የሚሻለው።

ቀመሩ ጨርሶ የማይሠራበት ጊዜም አለ። ኩላሊት በድንገት ሲጎዳ ክሬአቲኒን ለመከማቸት ጊዜ ይወስድበታል። ኩላሊቱ ዛሬ ጠዋት ሥራ ያቆመ ሰው ማታ ሲለካ 1.4 ሊሆን ይችላል፤ ከዚህ ቁጥር የሚሰላ የማጣራት አቅም ሐሰት ነው። በዚህ ጊዜ የሚታየው ለውጡ ነው። በ48 ሰዓት ውስጥ 0.3 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም ከዚያ በላይ መጨመር፣ በ7 ቀን ውስጥ የቀድሞውን አንድ ተኩል እጥፍ መሆን፣ ወይም ለ6 ሰዓት ያህል ሽንት በሰዓት በኪሎ ከ0.5 ሚሊሊትር ማነስ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ይባላል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ በ6 ሰዓት ከ180 ሚሊሊትር ያነሰ ሽንት ነው። ሽንቱ በተመረቀ ዕቃ ካልተሰበሰበና ሰዓቱ ካልተጻፈ ይህን የሚያውቅ የለም።

የደም ምርመራው ቢሟላ እንኳ የሚነግረን የታሪኩን ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ሽንት ውስጥ ያለው አልቡሚን የተባለ የደም ፕሮቲን ነው። ጤነኛ ማጣሪያ አልቡሚንን አያሳልፍም፤ ሲጎዳ ያፈሳል፤ ብዙ ጊዜም የማጣራት አቅም ከመውረዱ ከዓመታት በፊት ማፍሰስ ይጀምራል፤ በተለይ በስኳር ሕመምተኞች። የሚለካው ከአልቡሚንና ከሽንት ክሬአቲኒን ጥምርታ ነው። ከ30 ሚሊግራም በግራም በታች ደህና ነው፤ ከ30 እስከ 300 መካከለኛ፣ ከ300 በላይ ከፍተኛ ይባላል። የማጣራት አቅሙ 95 ሆኖ ጥምርታው 400 የሆነ ሰው፣ አቅሙ 50 ሆኖ አልቡሚን ከማያፈሰው ሰው ይልቅ ከፍ ባለ የአደጋ እርከን ላይ ይመደባል። በጸሐፊው መለኪያ ግን የመጀመሪያው ሰው ጤነኛ ተብሎ ወደ ቤቱ ይላካል።

በሽንት ውስጥ የሚነከረው ስትሪፕ ይህን አይተካም። ስትሪፑ የሚያነበው የአልቡሚኑን ውፍረት ስለሆነ ብዙ ውሃ የጠጣ ሰው ሽንት ቀጥኖ በሽታውን ይደብቃል፤ የወፈረ ሽንት ደግሞ ያጋንነዋል። ጥምርታው ይህን ያርማል፤ ሽንቱ ሲቀጥን አልቡሚኑም ክሬአቲኒኑም እኩል ይቀጥናሉና። ስትሪፕ ሽንት ውስጥ ያለ ደምን ለመጠቆም ግን ይጠቅማል፤ ይህን አንክድም። ናሙናው የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት ቢሆን ይመረጣል። ትኩሳት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የወር አበባ ወይም ባለፈው ቀን የተሠራ ከባድ ስፖርት ካለ ቀጠሮውን ማራዘም ይሻላል። አንድ ከፍ ያለ ውጤት ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ በ3 ወር ውስጥ ከተወሰዱ ሦስት ናሙናዎች ሁለቱ ከፍ ማለት አለባቸው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ እንለፍ። የኩላሊት ሥጋ ራሱ ሕመም አይሰማውም፤ የሚያመው ሽፋኑ ሲወጠር ነው፤ ይህም በጠጠር፣ በመዘጋት ወይም በኢንፌክሽን ጊዜ ይከሰታል። ብዙውን የቆየ የኩላሊት ሕመም የሚያመጡት ስኳርና ደም ግፊት ደግሞ ኩላሊትን ያለ ሕመም ነው የሚያጠፉት። አብዛኛው የወገብ ሕመም የጡንቻና የአከርካሪ ነው። የሽንት ብዛትም አያስተማምንም። ጤነኛ ኩላሊት በቀን ወደ 180 ሊትር ፈሳሽ አጣርቶ ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነውን መልሶ ይመጥጣል። ማጣራቱ ወደ አንድ አሥረኛ ወርዶ 18 ሊትር ቢሆን እንኳ ከዚያ ላይ 2 ሊትር ሽንት ማስወጣት አያቅተውም። ሽንቱ ይወርዳል፤ ቆሻሻው ግን ደም ውስጥ ይቀራል። ቀድሞ የሚጠፋው ሽንትን የማወፈር ችሎታ ስለሆነ ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት መነሳት ከወገብ ሕመም ይልቅ ትርጉም አለው። ወገብ ጎን ላይ የሚሰማ ሕመም ከትኩሳትና ብርድ ብርድ ከማለት ጋር ከመጣ ግን ጸሐፊው እንዳሉት ሳይውል ሳያድር ሕክምና ይፈልጋል።

ስለ ውሃ ጸሐፊው ግማሽ እውነት አላቸው። ድርቀት ኩላሊትን ይጎዳል። ጠጠር የሚደጋገምበት ሰው በቀን ከ2 እስከ 2.5 ሊትር ሽንት እንዲወጣው አድርጎ መጠጣት አለበት፤ ይህ የተረጋገጠ ምክር ነው። ከዚህ ተነስቶ «ቧንቧ በውሃ ብዛት እንደሚጠራ ኩላሊትም ይጠራል» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። የኩላሊት ማጣሪያ የሚደፈነው በቆሻሻ አይደለም፤ በግፊት፣ በስኳርና በሰውነት መቆጣት ተጎድቶ ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳ ደግሞ በውሃ አይታጠብም። ይህ በምርምርም ታይቷል። በ2018 ውጤቱ የወጣ የካናዳ ጥናት፣ ደረጃ 3 የኩላሊት ሕመም (የማጣራት አቅም ከ30 እስከ 59) ያለባቸውን ሰዎች ግማሾቹን ከተለመደው በላይ ውሃ እንዲጠጡ ለአንድ ዓመት አበረታቶ ነበር። የኩላሊታቸው መዳከም ግን ከሌሎቹ የዘገየ አልሆነም።

በአንጻሩ 4 ሊትር ውሃ የሚጎዳው ሰው አለ። ሽንቱ የቀነሰ ሰው ፈሳሹ በእግሩ፣ ከዚያም በሳንባው ይጠራቀማል። ሽንት የሚያሸና መድኃኒት፣ በተለይ የታያዛይድ ወገን የሚወስድ ሰው የደም ሶዲየሙ ወርዶ መደናገርና መንቀጥቀጥ ሊያገኘው ይችላል። በእጥበት ላይ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚነገረው መጠን፣ ባለፈው ቀን የሸናው ያህል ሲደመር 500 ሚሊሊትር ገደማ ነው። ፈሳሽን ለመቆጣጠር ትልቁ ዘዴ ግን ጨው ነው፤ በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ። ጨው ያልቀነሰ ሰው ጥሙን ማሸነፍ አይችልም። ሁልጊዜ ጠዋት ከሽንት በኋላ በተመሳሳይ ልብስ መመዘን ከማንኛውም ስሜት ይበልጥ ታማኝ ነው፤ በሁለት ሦስት ቀን የጨመረ 2 ኪሎ ስብ ሊሆን አይችልም፣ ውሃ ነው።

አራተኛው ነጥብ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስብ ነው፤ ምክንያቱም መነሻው እውነት ነው። ኢናላፕሪል፣ ሊሲኖፕሪል፣ ሎሳርታንና መሰሎቻቸው ሲጀመሩ ክሬአቲኒን ጥቂት ከፍ ሊል ይችላል። ስህተቱ ያለው ትርጉሙ ላይ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ደም ከእያንዳንዱ ማጣሪያ የሚወጣበትን ቀጭን የደም ስር ያሰፋሉ። በዚህ ጊዜ ማጣሪያው ውስጥ የነበረው ከልክ ያለፈ ግፊት ይወርዳል፤ የሚጣራው መጠንም ለጊዜው ትንሽ ይቀንሳል፤ የሚፈሰው አልቡሚንም ያንሳል። የክሬአቲኒኑ ጭማሪ እንግዲህ መድኃኒቱ ግፊቱን እንዳወረደ የሚያሳይ ምልክት ነው። ይህ ግፊት ሳይወርድ ለዓመታት ሲቆይ ነው ማጣሪያውን የሚጨርሰው።

ወሰን ግን አለው። ከመጀመራቸው በፊት ክሬአቲኒንና ፖታሲየም ይለካሉ፤ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይደገማሉ፤ መጠኑ በተጨመረ ቁጥርም እንዲሁ። ጭማሪው ከ30 በመቶ ካላለፈ መድኃኒቱ ይቀጥላል። 1.5 የነበረው 1.9 ቢሆን 27 በመቶ ነውና ይቀጥላል። 2.1 ቢደርስ ግን 40 በመቶ ስለሆነ ምክንያቱ ይፈለጋል፤ ሰውየው ደርቋል ወይ? አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ወስዷል ወይ? ወደ ኩላሊት የሚሄደው የደም ስርስ ጠቧል ወይ? ፖታሲየም ከፍ ቢል እንኳ መጀመሪያ የሚሞከረው ምግቡን ማስተካከል፣ ሽንት የሚያሸና መድኃኒት መጨመር ወይም የደሙን አሲድ ማረም ነው፤ መድኃኒቱን መቀነስ ወይም ማቆም ከዚያ በኋላ ይመጣል። በእርግዝና ጊዜ ግን ፈጽሞ አይወሰዱም፤ ለማርገዝ ያሰበች ሴት አስቀድማ ለሐኪሟ መንገር አለባት። የፕሪልና የሳርታን ወገን መድኃኒቶችም አብረው አይታዘዙም።

ጸሐፊው ሕመም ማስታገሻዎች ኩላሊትን ይጎዳሉ ሲሉ ያሰሙት ማስጠንቀቂያ ሙሉ በሙሉ ልክ ነው፤ እንዲያውም ሊጠብቅ ይገባ ነበር። ከላይ ያሉት መድኃኒቶች፣ ሽንት የሚያሸና መድኃኒትና የአይቡፕሮፌን ወገን ማስታገሻ ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ኩላሊት የራሱን ግፊት የሚጠብቅበት መንገድ ሁሉ ይዘጋበታል። በዚያ ላይ ተቅማጥ ወይም ትውከት ከመጣ በሁለት ቀን ውስጥ ኩላሊት ሊቆም ይችላል። እንዲህ ባሉ የሕመም ቀናት የግፊቱን መድኃኒት፣ የሚያሸናውን፣ የስኳር መድኃኒቶቹን ሜትፎርሚንንና ዳፓግሊፍሎዚንን ለጊዜው ማቆም ሐኪሞች የሚመክሩት ጥንቃቄ ነው። የሚዘነጋው መልሶ መጀመሩ ነው፤ ሰውየው ይድናል፣ በልቶ ጠጥቶ ይነሳል፣ መድኃኒቱ ግን ቆሞ ይቀራል። ከማቆሙ ጋር የሚጀመርበትን ቀንም አብሮ መጠየቅ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ጽሑፉ ጨርሶ ያልጠቀሰው ነገር ዳፓግሊፍሎዚንና ኤምፓግሊፍሎዚን ናቸው። በ2020 የወጣው ዳፓ-ሲኬዲ የተባለው ጥናት ዳፓግሊፍሎዚን ስኳር ባለባቸውም በሌለባቸውም ሰዎች ላይ የኩላሊት መድከምን እንደሚያዘገይ አሳይቷል። የማጣራት አቅም 20 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሊጀመሩ ይችላሉ። እነሱም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አቅሙን ትንሽ ዝቅ አድርገው ነው በኋላ የሚጠብቁት፤ በጸሐፊው መለኪያ ከሄድን እነሱንም መጣል ሊኖርብን ነው። ጉዳት የላቸውም አንልም፤ በብልት አካባቢ የፈንገስ ኢንፌክሽን ያመጣሉ፤ ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ሳይበላ ሲቀር ወይም ከቀዶ ሕክምና በፊት ካልቆሙ ደሙ በኬቶን አሲድ ሊመረዝ ይችላል።

«ተፈጥሯዊ ነውና አይጎዳም» ለሚለው መልሱ በሕክምና ታሪክ ተጽፎ ይገኛል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጅየም ውስጥ ለማቅጠኛ የተዘጋጀ የዕፅዋት ክኒን የወሰዱ ሴቶች ኩላሊታቸው በፍጥነት ጠባሳ ሆነ፤ ብዙዎቹ እጥበት ላይ ወደቁ፤ ከፊሎቹም የሽንት መተላለፊያ ካንሰር ያዛቸው። ጥፋተኛው በአሪስቶሎኪያ ተክሎች ውስጥ የሚገኘው አሪስቶሎኪክ አሲድ ነበር። ካራምቦላ የሚባለው ባለ ኮከብ ቅርጽ ፍሬ ለጤነኛ ሰው ጣፋጭ ምግብ ነው፤ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ግን በውስጡ ያለው መርዝ ሳይወጣ ስለሚቀር የማያቋርጥ ስቅታ፣ መደናገርና መንቀጥቀጥ ያመጣል፤ ሰው ገድሏልም። ይህ ማለት አትክልትና ፍራፍሬ ለኩላሊት ሕመምተኛ ክልክል ነው ማለት አይደለም። ፖታሲየማቸው ልክ ለሆነ ሰዎች መልካም ምግብ ነው፤ ከዕፅዋት የሚገኘው ፎስፌትም በፋብሪካ ምግብ ላይ ከሚጨመረው በጣም ባነሰ መጠን ወደ ደም ይገባል። የሚወስነው የራስ የፖታሲየም ቁጥር ነው።

የጨው ምትክ ምክር ግን ወዲያውኑ ሊታረም ይገባዋል። የጨው ምትክ ተብሎ የሚሸጠው ዱቄት ብዙውን ጊዜ ሶዲየሙ በከፊል ወይም በሙሉ በፖታሲየም ክሎራይድ የተተካ ነው። ኩላሊቱ ደህና የሆነ ሰው ይጠቅመው ይሆናል። የማጣራት አቅሙ ወርዶ ሎሳርታን ወይም ስፓይሮኖላክቶን የሚወስድ ሰው ግን ፖታሲየሙ ሳይታወቀው ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምልክት የልብ ምት መዛባት ነው። ፖታሲየም 6.5 ሚሊሞል በሊትርና ከዚያ በላይ ሲደርስ፣ ወይም ከዚያ በታችም ሆኖ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ላይ ለውጥ ሲታይ፣ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ኢሲጂው ላይ መጀመሪያ ቲ የሚባለው ሞገድ ሾጥጦ ይቆማል፤ ቀጥሎ ፒ ሞገድ ይጠፋል፤ ከዚያ ኪውአርኤስ ይሰፋል። ኢሲጂ ልክ መሆኑ ግን ከአደጋ ነጻ አያደርግም።

ሕክምናው ሦስት ሥራ አለው። ልቡን ለመጠበቅ ካልሲየም ግሉኮኔት በደም ስር ይሰጣል፤ ፖታሲየሙን አይቀንስም፤ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ጊዜ ይገዛል፤ ኢሲጂው በ5 እና በ10 ደቂቃ መካከል ካልተስተካከለ ይደገማል። ፖታሲየሙን ወደ ሴሎች ለማስገባት 10 ዩኒት ኢንሱሊን ከ25 ግራም ግሉኮስ ጋር ይሰጣል፤ ሳልቡታሞልም በኔቡላይዘር ይጨመራል። ብዙ ጊዜ የሚሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ኩላሊት ኢንሱሊንን ስለሚያስወግድ የደከመ ኩላሊት ባለበት ሰው ኢንሱሊኑ ረዥም ሰዓት ይቆያል፤ ግሉኮሱ ግን ቀድሞ ያልቃል። ስለዚህ የደም ስኳር በየሰዓቱ ቢያንስ እስከ 6 ሰዓት ካልተለካ ከፖታሲየም የተረፈው ሕመምተኛ በስኳር መውረድ ሊሞት ይችላል። ሦስተኛው ፖታሲየሙን ከሰውነት ማስወጣት ነው፤ በሽንት፣ በአንጀት ውስጥ ፖታሲየም በሚይዙ መድኃኒቶች ወይም በእጥበት። ይህ ካልተደረገ ወደ ሴል የገባው ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ይወጣል። ሕመምተኛው ምንም ሳይሆን፣ ኢሲጂውም ልክ ሆኖ ቁጥሩ ብቻ ከፍ ካለ ናሙናው ይጠርጠር፤ ክንድ ለረዥም ጊዜ ታስሮ፣ ጡጫ እየተጨበጠ የተቀዳ ወይም ቀይ ሴሎቹ የፈረሱ ደም ሐሰተኛ ቁጥር ይሰጣል። ኢሲጂው ከተለወጠ ግን ዳግም ውጤት እየተጠበቀ ሕክምና አይዘገይም።

የደም ማነሱም በምግብ ብቻ አይስተካከልም። ቀይ የደም ሴል እንዲመረት የሚያዘው ኤሪትሮፖይቲን የሚሠራው በኩላሊት ውስጥ ነው፤ ኩላሊት ሲደክም ትእዛዙ ይቀንሳል። መጀመሪያ የብረት ክምችት ይለካል፤ ካነሰ በአፍ ወይም በደም ስር ይሰጣል። ብረት ሳይሟላ የሚወጋ ኤሪትሮፖይቲን ብዙ አይሠራም። መርፌው በአብዛኛው ሄሞግሎቢን ከ10 ግራም በዴሲሊትር በታች ሲወርድ ይታሰባል፤ ከ11.5 በላይ ለማድረስ ግን አይሞከርም፤ በ2006 እና በ2009 የወጡ ትልልቅ ጥናቶች ወደ 13 ከፍ ለማድረግ መሞከር የልብና የአንጎል የደም ስር ጉዳት እንደሚያመጣ አሳይተዋል። ንቅለ ተከላ የሚጠብቅ ሰው ደም መውሰዱ የግድ ካልሆነ ይቅርበት፤ ሰውነቱ በለጋሾች ሴሎች ላይ ፀረ እንግዳ አካል ስለሚያዘጋጅ የሚስማማው ኩላሊት ማግኘት ይከብደዋል።

ስለ እጥበት ጸሐፊው በአንድ ነገር ትክክል ናቸው፤ በቁጥር ብቻ ተቻኩሎ መጀመር አይጠቅምም። በ2010 የወጣው አይዲያል የተባለ የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ጥናት፣ የማጣራት አቅማቸው ከ10 እስከ 14 ሳለ እንዲጀምሩ የተመደቡትን ከ5 እስከ 7 እስኪወርድ እንዲቆዩ ከተመደቡት ጋር አስተያይቶ በሕይወት በመቆየት በኩል ልዩነት አላገኘም። ነገር ግን እንዲቆዩ ከተመደቡት ብዙዎቹ ምልክቶች አስገድደዋቸው ከታቀደው ቀድመው ጀምረዋል። በመድኃኒት አልወርድ ያለ ፖታሲየም፣ ሳንባ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ፣ የልብ ሽፋን መቆጣት፣ መደናገር፣ የማያባራ ትውከትና መክሳት ሲመጡ መሸሽ አይቻልም። «ከገቡ አይወጡም» የሚለውም በድንገት ለተጎዳ ኩላሊት እውነት አይደለም፤ ብዙዎቹ ከሳምንታት በኋላ ከእጥበት ይወጣሉ። ለቆየ ሕመም ደግሞ የማይመለሰው በሽታው ነው፤ እጥበቱ ያጠፋው ኩላሊት የለም። አቅማቸው የደከመ አረጋውያን እጥበትን ትተው ምልክቶችን በማስታገስ ብቻ ለመታከም መምረጣቸው ራሱን የቻለ ሕክምና ነው፤ ያ ግን ተመክሮበት የሚወሰን ነው።

የመሸሽ ትልቁ ጉዳት ዝግጅትን ማሳጣቱ ነው። ለእጥበት ክንድ ላይ የሚሠራው ፊስቱላ፣ ማለትም የደም ቅዳና የደም መልስ መጋጠሚያ፣ ለመርፌ እስኪደርስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ሳይዘጋጅ የመጣ ሰው በአንገቱ በኩል ካቴተር የሚባል ቱቦ ይገባለታል፤ በካቴተር በኩል የሚገባ ኢንፌክሽን ደግሞ ከፊስቱላ ጋር ሲተያይ በጣም ብዙ ነው። ስለዚህ የማጣራት አቅሙ ከ30 በታች የሆነ ሰው ደም ሲቀዳና መርፌ ሲወጋ ከእጁ ጀርባ እንዲሆን ይጠይቅ፤ በተለይ ብዙም የማይሠራበትን ክንድ ያስከብር። አቅሙ ወደ 20 ሲወርድ የንቅለ ተከላ ምርመራም ሊጀመር ይችላል፤ ለጋሽ ከተገኘ እጥበት ሳይጀመር መተካት የሚቻልበት ዕድል አለ። ፊስቱላ የተሠራለት ሰው በዚያ ክንድ ግፊት አያስለካ፤ በየቀኑ በጣቱ ዳስሶ ንዝረቱን ያረጋግጥ፤ ንዝረቱ ከጠፋ በዚያኑ ዕለት ይሂድ፤ የረጋው ደም ቶሎ ካልተወገደ ፊስቱላው ይጠፋል።

ጽሑፉን አንብበው የግፊት መድኃኒታቸውን ያቆሙ ካሉ፣ ዛሬ ግፊትዎን ይለኩ፤ ወዳዘዙልዎት ሐኪም ደውለው ማቆምዎንና ያቆሙበትን ቀን ይንገሩ። በራስዎ አይጀምሩት፤ ክሬአቲኒን፣ ፖታሲየምና የጠዋት ሽንት አልቡሚን ጥምርታ ተለክቶ፣ የድሮ ውጤቶችዎ ተያይተው በምን ያህል መጠን እንደሚጀመር ይወሰንልዎታል። የጨው ምትኩን ግን ፖታሲየምዎ እስኪታወቅ ከአሁኑ ምግብ ጀምሮ ይተዉት።